በማማ ሙዲ ፈንታ የሳብኩት ላስቲክ

ሰው ለሰው ሊሠራለት የማይችለው ሥራ በዚህ ዓለም ላይ ጥቂት ነው። ምግቡ ይበስልለታል፣ ልብሱ ይታጠብለታል፣ ልጁ ይታዘልለታል። በእኛ አገርማ አቅሙ ያለው ሰው አልቃሽ ጠርቶ ሐዘኑን እንኳ በሌላ ሰው ዓይን ያስለቅሳል። እኔ ሰዓዳ በሰው ቤት በኖርኩባቸው ዓመታት የሠራሁትን ከምቆጥር ያልሠራሁትን ብቆጥር ይቀለኛል። ለአንዷ ማዳም ስልኳን እያነሳሁ «የለችም» ብያለሁ። ለልጇ የትምህርት ቤት ሥዕል ስዬ ከዐሥር ዘጠኝ አምጥቼለታለሁ፤ ያቺን አንዷን ነጥብ ምን አጎደለብኝ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። ታዲያ ከማስነጠስና ከመውለድ በቀር ሁሉም ነገር በውክልና ይሆናል ብዬ ባምን ይፈረድብኛል? ይህን እምነቴን ያፈረሰችብኝ ሦስት ክንድ የምትሆን አንዲት ቢጫ ላስቲክ ናት።

ነገሩ የሆነው ሪያድ ውስጥ፣ ነሲም በሚባለው ሰፈር ነው። የእኛ ሰው በሚበዛበት በመንፉሐ ሰፈር ያ ሁሉ ግርግር ሆኖ ወገናችን በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ አገሩ ከተመለሰ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አገር አዲስ ሠራተኛ መምጣቱ ስለቆመ፣ እንደኔ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ ያልተበላሸ፣ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ከፊሏም ያልተጣላት ሴት ብርቅ ሆና ነበር። ብርቅ መሆን ደግ ነገር ይመስላል። ግን ብርቅ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል እንጂ መቼ «ወጣ ብለህ ተናፈስ» ይባላል? እኔም አገሬን ሳላይ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

የማገለግላቸው ሴትዮ ማማ ሙዲ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ውኃ በአህያ ይመጣልን በነበረ ጊዜ ትልቅ ልጅ ነበርኩ» ከማለት በቀር ከአፋቸው ቁጥር ወጥቶ አያውቅም። የእነሱ ቋንቋ እንደኛ አንቱ ስለማይል በአፌ «አንቺ» ነው የምላቸው፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ናቸው። ትልቁን ልጃቸውን አቡ ናስርን ደግሞ በአፌም በልቤም አንተ እለዋለሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ እምቢ ብሎኝ ነው።

ማማ ሙዲ አንድ ቀን ለሶላት ሲተጣጠቡ ተንሸራተው ወደቁ። አጥንታቸው ደህና ነበር፤ የተሰበረው ድፍረታቸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተቀመጡበት ወንበር ራሳቸውን ችለው መነሳት ቀረ። እኔ በብብታቸው ሥር ገብቼ «ቢስሚላህ» ብዬ ካላነሳኋቸው እዚያው ናቸው። ለሶላት አነሳለሁ፣ ለምሳ አነሳለሁ፣ ለመጸዳጃ አነሳለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ አነሳለሁ፣ እንግዳው ሲሄድ አነሳለሁ። ቀጭን ሴትዮ ናቸው እንዳትሉ፤ የነሲም ሩዝና በግ በከንቱ አልተበላም።

አቡ ናስር አንዲት ግብፃዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አመጣላቸው። ሐናን ትባላለች። እንደ ታክሲ ረዳት ትፈጥናለች፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ለሌላው ትጣራለች። ከቦርሳዋ ውስጥ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ላስቲኮች አወጣች። የጉርድ ቀሚስ ወገብ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው፤ ሰፋ ይላል እንጂ። ቢጫው ልል፣ ቀዩ ጠንከር ያለ፣ አረንጓዴው ጉልበተኛ ነው አለች። ሽማግሌ ሰው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሥጋው እንደሚሟሽሽ፣ ላስቲክ በእጁና በእግሩ ቢስብ ግን በሰባም በሰማንያም ዓመት ጡንቻ እንደሚመለስ አስረዳች። «ጡንቻ እንደ ሠራተኛ ነው፤ ካላዘዙት ይተኛል» አለችና እኔን አየት አደረገችኝ። እኔ ምን አደረግኋት?

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በእኔ እግርና በእኔ እጅ እያሳየች አስተማረች። ጠዋት ሃያ ጊዜ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሃያ ጊዜ፤ በየቀኑ የሚሞላ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ማማ ሙዲም ከወንበራቸው ሆነው «ሰማሽ? በደንብ ሥሪ» አሉኝ። እንግዲህ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ «ማማ ሙዲ ይሥሩ» የሚል ቃል አለ? እናንተው ፍረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ላስቲኳን ላቀብላቸው ስል ማማ ሙዲ መቁጠሪያቸውን አውጥተው ወንበሩ ላይ ተመቻቹና «ያላ፣ ጀምሪ፤ እኔ እቆጥራለሁ» አሉ። የሚስቡት እሳቸው እንደሆኑ ብነግራቸው፣ የእኔን ልብስ እጠቢ ያልኳቸው ይመስል አፈጠጡብኝ። ከዚያ ጥያቄ አመጡ። ባለፈው ዓመት ለሟች እህታቸው ሐጅ ያደረገላት ማን ነበር? አንድ ሱዳናዊ ነው አልኩ። ደረሰላት ወይስ አልደረሰላትም? ኢንሻአላህ ደርሶላታል አልኩ። «ታዲያ» አሉ፣ «ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞር በሰው እግር ከሆነ፣ ይቺን ላስቲክ ሃያ ጊዜ መሳብ በሰው እጅ የማይሆነው ለምንድን ነው?»

ሙፍቲ ነኝ? ሐኪም ነኝ? የታዘዝኩትን የምሠራ የሐርቡ ልጅ ነኝ። ላስቲኳን እግሬ ሥር አድርጌ መሳብ ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ትንሽ ገብቶኝ ነበር። አለመግባቱ ግን ይመች ነበር፤ ደግሞስ በቀን ሁለት ጊዜ ሕጋዊ እረፍት ማን ይጠላል? እኔ እስባለሁ፣ ማማ ሙዲ ይቆጥራሉ፤ ስሰንፍ «አሥራ አራትን ሰርቀሻል» ብለው ይመልሱኛል። ወረቀቱ ላይም ምልክት አደርጋለሁ። ወላሂ አልዋሸሁም! ወረቀቱ «ሃያ ጊዜ ተስቧል?» ይላል እንጂ «ማን ሳበው?» አይልም። በየሐሙሱ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለሐናን እልካለሁ። እሷም «ማሻአላህ፣ ወደ ቀዩ እለፉ» አለች። ቆይታም «ማሻአላህ፣ ወደ አረንጓዴው» አለች። በሁለት ወር ውስጥ ማማ ሙዲ በወረቀት አረንጓዴ ደረሱ፤ እኔ በክንድ ደረስኩ። የቤቱ ሾፌር እያቃሰተ የሚሸከመውን የጋዝ ሲሊንደር ብቻዬን አንስቼ ወጥ ቤት ሳስገባ ሰውዬው መንገድ ለቀቀልኝ። አልከፈት ያለ ጠርሙስ ሁሉ ከጎረቤት ቤት እየተላከ ይመጣልኝ ጀመር።

በዚህ ደስታ መሀል ነው የእናቴ ድምፅ የመጣው። ታናሽ እህቴ ስልኳን ደቅናላት ኖሮ፣ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ምርቃት፣ ቀጥሎ ዝምታ ሰማሁ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሰዓዳዬ፣ የቀኝ ዓይኔ ከጠፋ ከረመ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የደበቅሁሽ። አሁን ግራው ጀምሮታል፤ ሰው በጥላው ነው የምለየው። ልጄ፣ ሳይጨልምብኝ መልክሽን ልየው። ነይልኝ።» ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ሦስት ጊዜ መላልሼ አዳመጥኩት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ሽንኩርትን ለዚህ ውለታው አመሰግነዋለሁ።

በዚያው ሳምንት አቡ ናስርን ለመንኩት። አቡ ናስር ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ረግሞ መተኛት ይቻላል። እሱ ለሁሉም ነገር «ኢንሻአላህ» የሚል ሰው ነው፤ በእሱ አፍ ሲሆን ደግሞ «እስክትረሺው ጠብቂ» እንደማለት ነው። የእናቴን ነገር ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየና «አረንጓዴ! ማሻአላህ!» አለ። ከዚያም ቁርጡን ነገረኝ። ከወር በኋላ ሐናን መጥታ እናቱን ትፈትናለች። እናቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ከተነሱ፣ በዚያው ቀን ኹሩጅ ወዓውዳ፣ ማለትም ሄዶ የመመለሻ ቪዛ ያወጣልኛል። ካልተነሱ ግን እኔ ብሄድ ማን ያነሳቸዋል? ስለዚህ ለሌላ ዓመት ይቆያል። «አረንጓዴ ለደረሰች ሴት አምስት ጊዜ መነሳት ምን አላት?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደረቅ ሳቅ ስቄ አላውቅም።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይህ ነው። የእናቴ ዓይን አንድ ዓመት አይጠብቅም። የማማ ሙዲ ጉልበት ደግሞ በወረቀት አረንጓዴ፣ በእውነት ቢጫም አልደረሰም። ልናዘዝ ብዬ አሰብኩ። ምን ልበል? «ባባ፣ ሁለት ወር ሙሉ የእናትህን ስፖርት እኔ ስሠራላት ነበር» ልበል? ውሸታም ከመባል አልፎ እናቱን እንዳትድን ያደረገች ሴት እሆናለሁ። የእረፍት ቪዛ ጠይቄ የመባረሪያ ወረቀት ልቀበል? ከተያዙ ወዲያ መፈራገጥ ለመላላጥ ነው አልኩና አፌን ዘጋሁ።

የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ ማማ ሙዲን ማሠራት። ለማማ ሙዲ ግን ስለ እናቴም ስለ ፈተናውም አልተነፈስኩም፤ አገሬ ልሄድ ነው ብል የሚሆኑትን ስለማላውቅ ፈራሁ። በማግስቱ ላስቲኳን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወደ እኔ ወረወሯት። ለመንኩ፤ «አመመኝ» አሉ። ሐናን አዛለች አልኩ፤ «ሐናን ትምጣና ትሳበው» አሉ። አምስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሌሊት አልተኛሁም ብላችሁ ዋሸሽ አትበሉኝ።

በስድስተኛው ቀን ግን ኡም ሰዓድ ትዝ አሉኝ። ኡም ሰዓድ የማማ ሙዲ ጣውንት ናቸው፤ ሦስተኛው በር ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ጣውንትነት ግን ባል ሲሞት የሚቀበር ነገር አይደለም። ቁርስ እያቀረብኩ፣ እንደዋዛ፣ «ኡም ሰዓድን ትናንት ከመስጊድ ስትመለስ አየኋት። ያለ ምርኩዝ ነበረች» አልኩ። እውነት ነው፤ አይቻቸዋለሁ። ሁለት የልጅ ልጆች ግራና ቀኝ ደግፈዋቸው እንደነበር ግን መናገሩን ረሳሁት። ማማ ሙዲ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ። ሻዩንም አስቀመጡ። «ላስቲኳን አምጪ» አሉ።

ወገኖቼ፣ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ነው የሳቡት። ሐናንን ረገሙ፣ ላስቲክ የፈለሰፈውን ረገሙ፣ እኔን ረገሙ፤ ኡም ሰዓድን የረገሙበትን ግን ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በማግስቱ አራት ሳቡ። እግራቸው መርገጫ ላይ ላስቲኳን አጠልቄ ወደፊት እያስገፋኋቸው፣ ጉልበታቸው ላይ አስሬ እያስከፈትኋቸው ሳምንት ሞላን። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርቤ፣ ከፍ ካለ ቦታ መነሳትን አለማመድኋቸው። ያኔ ነው ፍርሃት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት። ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ሳልነካቸው፣ ከኋላቸው አብሬ እንቀጠቀጣለሁ። ዳግመኛ ቢወድቁ እሳቸውን ሐኪም ቤት፣ እኔን የት እንደሚወስዱኝ አላህ ነው የሚያውቀው። «አትንኪኝ!» ይሉኛል። ከዚያ ደግሞ «የት ሄድሽ?» ይሉኛል። አንዱን ትራስ አነሳሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛውንም አነሳሁ። ማታ ማታ እናቴ ጋ እደውላለሁ፤ «የበሩ መቃን ይታይሻል?» እላታለሁ። አንድ ቀን «ይታየኛል» ትለኛለች፣ አንድ ቀን ወሬ ትለውጣለች።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ሆኜ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ወደቁ ብዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። ማማ ሙዲ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። አንድ ጫማ እግራቸው ላይ የለም፤ በመስኮቱ ወርውረውት አጥሩ ላይ የነበረችው ድመት ናት የተቀበለችው፣ በጀርባዋ። ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ስምንት እርምጃ ይሆናል። ማንም አላነሳቸውም፤ ማንም አልያዛቸውም። ተያየን። «ምን ታያለሽ? ጫማዬን አምጪ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እናቴን ላያት ነው! ደርሻለሁ!

የፈተናው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አቡ ናስርና ሐናን መጡ። ሐናን ወረቀቱን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከቦርሳዋም አረንጓዴ ላስቲክ አውጥታ «እስቲ እዚህ ያደረሰንን ክንድ እንየው» አለች። ማማ ሙዲ ቢጫውን እንጂ አረንጓዴውን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ሐናን ወደ ወንበሩ ልታልፍ ስትል ገለል እንድል ክንዴን ያዘችኝ። ያዘችኝና ለመግፋት ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ቆየች። ጨበጥ አደረገችው። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ማማ ሙዲን አየች። ከዚያ አረንጓዴውን ላስቲክ ወደ ቦርሳዋ መለሰችና «በቀጥታ ወደ ወንበሩ እንሂድ» አለች። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ግብፆችም ሳያውቁት አይቀሩም።

ማማ ሙዲ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ፤ እንዳስተማርኳቸው። ይሄኔ አቡ ናስር፣ አፉን አላህ ይያዝለትና፣ ሊያበረታታቸው ብሎ «ያላ ዩማ፣ እናቴ ተነሺ! አንቺ ከተነሳሽ ሰዓዳ በዚህ ሳምንት አገሯ ትገባለች» አለ።

ማማ ሙዲ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አይተውኝ አይተውኝ፣ የተጣመረ እጃቸውን ፈተው የወንበሩን ክንድ ያዙና «አልችልም» አሉ። ሐናን አባበለች። ብድግ የሚሉ መስለው ግማሽ ስንዝር ከፍ አሉና «ወይ ጉልበቴ» ብለው ዘፍ አሉ። ከአራት ቀን በፊት ድመት ያባረሩት ሴትዮ! አቡ ናስር ተነፈሰ። «አይዞሽ ሰዓዳ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ» አለኝ።

ተናደድኩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ግን ምን እላለሁ? «እናትህ ትዋሻለች» ይባላል? በልጅ ፊት፣ በእንግዳ ፊት፣ በሠራተኛ አፍ? «ውኃ ይጠጡና ትንሽ ይረፉ» ብዬ በምርኩዛቸው ደግፌ ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ።

«ትችያለሽ» አልኳቸው። አልዋሹኝም። «እችላለሁ» አሉ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅም፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም ሁለት ወር ብለው ሄደው አልተመለሱም አሉ። ሁለቱም በአላህ ስም ምለው ነበር አሉ። አሁን ደግሞ ከእናንተ አገር አዲስ አይመጣም፤ አንቺ ከቀረሽ ማን ያነሳኛል፣ ማን ይቆጥርልኛል፣ ማንስ የኡም ሰዓድን ወሬ ያመጣልኛል አሉ። እመለሳለሁ ብዬ ልምል ስል እጃቸውን አነሱ፦ «አትማይ። መሐላ ጠግቤያለሁ።»

እንግዲያው ሳልምል ነገርኳቸው። የእናቴን የቀኝ ዓይን ነገርኳቸው፤ የግራውን ነገርኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ድምፅዋን ከፈትኩላቸው። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። ሳሏን ሰሙ፤ ዝምታዋን ሰሙ፤ ስሜን ስትጠራው ሰሙ። «ምን አለች?» አሉኝ። ሳይጨልምብኝ መልክሽን ልየው አለች አልኳቸው። ማማ ሙዲ ስልኩን ከእጄ ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ስትወጣ ስትገባ ማን ይይዛታል?» ብለው ጠየቁ። «ግድግዳ» አልኩ። «ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» ብለው ተቆጡኝና ምርኩዛቸውን አልጋው ላይ ጥለው፣ እኔን ትተው፣ በራቸውን ራሳቸው ከፈቱ።

ያለ ምርኩዝ ሳሎን ሲገቡ አቡ ናስር ብርጭቆውን ሊጥል ምንም አልቀረው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን አጣመሩ። ሐናን መቁጠር ጀመረች። ዋሒድ! ተነሱ። ኢስነይን! ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ እኔ አብሬ ተንቀጠቀጥኩ። በሦስተኛው ፊታቸው ቀላ። በአራተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው ወጡት። አምስት! ሐናን ልታጨበጭብ ስትል «ቆይ» አሉና ስድስተኛውን ጨመሩ፤ «ይህቺ ለኡም ሰዓድ ናት» አሉ።

አቡ ናስር የእናቱን ግንባር ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወደ እኔም ዞረና፣ በሕይወቱ ትልቁን ቸርነት የሚያደርግ ሰው ፊት ይዞ፣ ተናገረ። «እናቴ ድናለች፤ ኸላስ! ከእንግዲህ እኔ ቤት ላይኛው ፎቅ ትገባለች፤ እዚያ ሠራተኛ ሞልቷል። አንቺም ደክመሻል ሰዓዳ። የሁለት ወር እረፍት ምን ያደርግልሻል? ኹሩጅ ኒሃኢ አወጣልሻለሁ። እስከ መጨረሻው ወደ እናትሽ ግቢ፤ ጀዛኪላህ ኸይር!» አለኝ።

ኹሩጅ ኒሃኢ ማለት ሄዶ መቅረት ነው። አዲስ ሠራተኛ በተከለከለበት ዘመን እንዲህ ወጥታ የተመለሰች ሴት የለችም። እናቴን አያታለሁ፤ በባዶ እጄ አጠገቧ ተቀምጬ ደግሞ ዓይኗ ሲጠፋ አብሬ አያለሁ፤ የሐኪም ቤቷ ተስፋ እኔው ነኝና። ሥራዬን በደንብ ሠርቼ ራሴን አባረርኩ! ሰውየው ደግሞ ምስጋና እየጠበቀ ፊቴ ቆሟል።

ማማ ሙዲ ገና እንደቆሙ ናቸው። ልጃቸውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ፣ አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው ቀስ፣ በጣም ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ወይ ጉልበቴ» አሉ።

አቡ ናስር ደነገጠ። አሁን ስድስት ጊዜ ተነስተሽ የለም ወይ ዩማ ቢላቸው፣ «አሁን አሁን ነበር፤ ይህ ደግሞ ሌላ አሁን ነው» አሉት። በእጁ ሊያነሳቸው ሞከረ። አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ቢያነሳ ይቀለው ነበር። ጨንቆት ወደ ሐናን ዞረ። ሐናን በርከክ ብላ ጉልበታቸውን በጥንቃቄ ነካካች፤ ቀና ስትል ከማማ ሙዲ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። «ይህ የታወቀ ነው፤ ተመላላሽ ነው» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ ብላ። ፎቅ ቤት ፈጽሞ አይሆንም፤ የለመደችው እጅም መለወጥ የለበትም፤ ሠራተኛዋ ሁለት ወር ትረፍና ተመልሳ ትቀጥል፤ አለበለዚያ ኃላፊነቱን አልወስድም አለች። አቡ ናስር በዚያው ሳምንት ሄዶ የመመለሻውን ቪዛ አወጣ።

ሐርቡ የደረስኩት ገና ፀሐይ ሳለ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ በግራ ዓይኗ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጠባሳዬን አንድ በአንድ አየችው። «አንቺው ነሽ» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ደሴ ወስጄ አሳከምኳት፤ ቀኙ ባይመለስም ግራው ባለበት ቆመላት። ሁለት ወሩም አለቀና ተመለስኩ፤ ምለው እንደቀሩት ሁለቱ ሳይሆን፣ ሳልምል ሄጄ የተመለስኩ ሆኜ።

ከዚያ ወዲህ ማማ ሙዲ በሐኪም ማስረጃ የማይነሱ በሽተኛ ናቸው። ግቢውን ጠዋት ጠዋት ሁለት ጊዜ ይዞራሉ፤ ድመቶቹ አጥሩን ትተው ሰፈር ለውጠዋል። የአቡ ናስር መኪና በር ላይ ሲቆም ግን፣ የትም ይሁኑ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ኮሪደሩን በሩጫ ያቋርጡና፣ እሱ በሩን ሳይከፍት በፊት ወንበራቸው ላይ ደርሰው መነሳት ያቅታቸዋል።